ፋኑ ሲጮኽ ማን እየሠራ ነው?

ማታ ከሥራ ገብታችሁ ላፕቶፑን ከፈታችሁት። ገና አንድ ፋይል ሳትነኩ ፋኑ መጮኽ ጀመረ። ማውሱን ስታንቀሳቅሱት ቀስቱ ቆም ቆም እያለ ይከተላል፤ የጻፋችሁት ፊደል ዘግይቶ ብቅ ይላል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ መድኃኒቱን ያውቃል። ወንድም «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። ጎረቤት «አርጅቷል፣ ሽጡት» ትላለች። የሰፈሩ አዋቂ «ፎርማት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ማሽኑን ከፍተው አላዩትም።

ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ችግር አብዛኛውን ጊዜ ራሳችሁ ልትፈቱት ትችላላችሁ። ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም፤ ቢያንስ ለዛሬ ማታ ብር ማውጣትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከመፍረድ በፊት የማየት ልማድ ነው። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት ላይን ላይ ላለፋችሁ ሰዎች ደግሞ ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለ ሙያ ነው፤ ወደ ቤት ይዛችሁት አልመጣችሁም እንጂ።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ገነባው፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሰሰበት፤ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ሥራ ተሰናዳ። ስለ ሼዶቹና ስለ ዶላሩ ብዙ ተወርቷል። እዚያ የገቡ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ይዘውት ስለወጡት እውቀት ግን የሚያወራ ብዙ ሰው አልሰማሁም።

አንድ የቲሸርት ላይን እናስብ። አንዷ ትከሻ ትገጥማለች፣ ቀጣይዋ አንገት፣ ቀጣይዋ እጅጌ፤ ከዚያ ጎን ይዘጋል፣ ጠርዝ ይታጠፋል። ድንገት የቀኑ ምርት ይወርዳል። መጥፎ ሱፐርቫይዘር መሐል ላይ ቆሞ «ቶሎ! ቶሎ!» እያለ ላይኑን በሙሉ ይቆጣል። ጥሩው አፉን ዘግቶ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የተቆረጠው ጨርቅ ባንድል የተከመረው የት ጋ ነው? እጅጌ ገጣሚዋ ፊት ክምር አለ፤ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ወደ እሷ ይሄዳል። መርፌው ደንዝዟል? ክሩ እየተበጠሰባት ነው? አዲስ ገብታ እጇ አልፈታም? ወይስ የሁለት ሰው ሥራ ተጭኖባታል? ሰዓት ይዞ ይለካል፤ እርምጃ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። አራቱ ጥያቄዎች አራት የተለያዩ መልሶች አሏቸው፤ «ቶሎ በሉ» ግን ከአራቱ ለአንዱም መልስ አይሆንም።

ላፕቶፑም ላይን ነው። «ሲፒዩ 100%» የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ላይ ሥራ መብዛቱን ብቻ ይናገራል፤ ክምሩ በማን ፊት እንዳለ አይናገርም። ያንን የሚያሳየው የሚሠሩት ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን ዊንዶውስ ላይ ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሲፒዩ» የሚለውን ርእስ ጠቅ ስታደርጉት ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ይኸው ነው። ይህን መስኮት የጻፈው ዴቭ ፕለመር የተባለ የማይክሮሶፍት ፕሮግራመር ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር ለሕዝብ ደረሰ። የመጀመሪያው ቅጂ 85 ኪሎባይት ገደማ ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ሰው ማታ ማታ የሠራት ትንሽ ነገር ይኸው እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሲጨንቃቸው የሚሮጡባት በር ሆናለች። ማታ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሞክሩትን ነገር አትናቁ።

መስኮቱ እንደተከፈተ ምንም አትንኩ። ራሱ ታስክ ማናጀርም ሲከፈት ለአፍታ ሲፒዩ ይወስዳል፤ ቁጥሩ ይረጋጋ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ከላይ ሳይወርድ የቆየውን ስም ወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀት ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ የጻፈ ሰው ነገ ማወዳደሪያ አለው።

በነገራችን ላይ «ዲቴይልስ» ወደሚለው ገጽ የገባ ሰው አንድ ጊዜ መደንገጡ አይቀርም። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» የሚባል ነገር 95% ይዞ ቁጭ ብሏል። «አገኘሁት! ሌባው ይኸውና!» ብሎ «ኤንድ ታስክ» በሚለው ትእዛዝ ሊያጠፋው የሚታገል ሰው ብዙ ነው። ይህ ስም ግን የሚቆጥረው ሥራ ያልያዘውን የፕሮሰሰሩን ጊዜ ነው። 95% ካለ ማሽኑ እረፍት ላይ ነው ማለት ነው። ሥራ ፈቱን ሌባ ብሎ መያዝ በኮምፒውተር ዓለም የተለመደ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መቐለ ላይ ሆኖ ስለ ኮምፒውተር መዘግየት የሚያወራ ሰው የከተማዋን ያለፉ ዓመታት መዝለል አይችልም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሰኔ 2013 መጨረሻ ከተማዋ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከስልክና ከባንክም ተለየች። የፓርኩ ማሽኖች ቆሙ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፤ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ በሩ ተዘጋበት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በኅዳር መጨረሻ መቐለ ከብሔራዊው የመብራት መስመር ጋር እንደገና ተገናኘች፤ ስልኩና ኢንተርኔቱም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የቆየን አንድ ላፕቶፕ አስቡት። ከሁለት ዓመት በላይ ኢንተርኔት አላየም። እሱ ተጠቅልሎ ሳለ ዊንዶውስ 11 የሚባል አዲስ ትውልድ በመስከረም 2014 ወጥቷል። ላፕቶፑ ተነሥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ይነቃል። ዊንዶውስ አፕዴት ያመለጠውን ሁሉ ማውረድና መጫን ይጀምራል። ጸረ ቫይረሱ የዓመታት የአደጋ ዝርዝር ተቀብሎ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሳል፤ በዝርዝሩ ላይ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» ተብሎ ይታያል። የፍለጋው ክፍል የፋይሎቹን ማውጫ እንደገና ይሠራል። ክሮም ራሱን ያድሳል። ቁጥሩ 100% ይነካል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ ባለቤቱም «አለቀለት» ይላል።

አላለቀለትም! እየሠራ ነው። ይህን መለየት የጉዳዩ ግማሽ ነው፤ 100% ራሱ በሽታ አይደለም። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ፕሮሰሰሩ 100% እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው፤ ያንን አቅም የገዛው ለዚህ ነውና። የሚያሳስበው ማንም ሳያዝዘው ተጭኖ ሰዓታት ካለፉ በኋላም አልወርድ ያለው ቁጥር ነው። ለተኛው ላፕቶፕ መድኃኒቱ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ፣ እንዳይተኛ አድርጎ አንድ ሌሊት መተው ነው። የሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ አፕዴቱ ፓኬጁን ጠራርጎ ይበላዋል። በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት፤ ዊንዶውስ ከባድ ከባዱን ማውረድ ያቆያል፤ ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ትለቁታላችሁ። ከሁሉ የከፋው ትዕግሥት አጥቶ በአፕዴቱ መሐል የማብሪያ ቁልፉን ይዞ መግደል ነው። ማሽኑ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል፤ ነገም ያው ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ የአነቃቂ ጽሑፍ ጸሐፊዎች ሁሉ አመል ይመጣብኛል፤ «አእምሯችሁም እንደ ፕሮሰሰር ነው፣ ኤንድ ታስክ በሉት» ልላችሁ እጄ ያሳክከኛል። አልልም። ላፕቶፑ ላፕቶፕ ነው፤ እናንተም ሰው ናችሁ። የምለው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬ ማሽኑን የከፈታችሁት እናንተ ከአንድ ቁጥር የምትደነግጡ ሰዎች አይደላችሁም።

ሌሊቱን አድሮም ካልተሻለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ። «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በእውነት አላጠፋውም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲነሣም ያንኑ ይዞ ይነሣል፤ ቶሎ እንዲከፈት የታሰበ ዘዴ ነው። የተቆላለፈው ነገር አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይነሣል። «ሪስታርት» ግን በእውነት ከዜሮ ያስጀምረዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ያለ አንድ ብር ወጪ ብዙ ላፕቶፕ የሚድነው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከላይ ያለው ስም ክሮም ከሆነ አትዘኑበት፤ ስንት ገጽ ከፍታችሁ እንደተዋችሁ ቁጠሩ። ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ስትጫኑ የራሱ ታስክ ማናጀር ይወጣል፤ የትኛው ገጽ እንደሚበላ በስም ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የተጫነበት አንድ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 ኮይንሃይቭ የሚባል አገልግሎት ነበር፤ ድረ ገጾች በጎብኚው ፕሮሰሰር ሞኔሮ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ እንዲያመርቱ ያስችል ነበር። ሰውየው ዜና ያነባል፣ ፋኑ ለሌላ ሰው ገንዘብ ይሠራል። ኮይንሃይቭ ተዘግቷል፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ በብዛት የሚገባው በክራክ በኩል ነው። «ነጻ» ተብሎ በፍላሽ የሚዞረው ፕሮግራም ሁሉ ነጻ አይደለም፤ ዋጋውን በመብራትና በፋን የምትከፍሉት አለ። ተንኮለኛው ዓይነት ደግሞ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ያያል፤ ወዲያው ሥራውን ያቆማል። ፋኑ ሲጮኽ ቆይቶ ዝርዝሩን በከፈታችሁ ቁጥር ጸጥ የሚል፣ ስትዘጉት የሚመለስ ከሆነ ጠርጥሩ። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚል አማራጭ አለ፤ ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት ይፈትሻል፤ ሊደበቅ የሚሞክረውን ከመንቃቱ በፊት ሊይዘው ይችላል። ያልገባችሁን ስም ሁሉ ግን ኤንድ ታስክ አትበሉ። የዊንዶውስ የራሱ አካል የሆነ ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ስሙን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ዝርዝሩ ላይ ምንም እንግዳ ስም ከሌለስ? ያኔ እጃችሁን ወደ አየር መውጫው አስጠጉ። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋውን አቧራ ጨምሩበት፤ ላፕቶፑ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተቀብሮ ፊልም ሲያሳይ የሚያመሽ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ትንሹ ሥራ ብዙ ፐርሰንት መያዝ ይጀምራል። ጥፋተኛ ፕሮግራም የለም፤ ላይኑ ሙሉ በሙሉ ዝግ ብሏል። ይህን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። በታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ «ስፒድ» እና «ቤዝ ስፒድ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሥራ በዝቶ ሳለ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በጣም ወርዶ ከቀረ ነገሩ ሙቀት ወይም ኃይል ነው። ቻርጀሩ የራሱ ካልሆነ ወይም ከደከመም እንዲሁ ያደርጋል። አጥፉት፤ ንቀሉት፤ አየር መውጫውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር አጽዱት፤ ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን ነገር ያዙት። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ቁጥሩን እንደገና እዩና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ስታዩ የሚሰማችሁን ደስታ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ በገዛ እጅ የተገኘ ነውና።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም» ለሚል ሰው አንድ ታሪክ አለኝ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የፍጥነት ሙከራ እያደረገ ነበር። ከርቀት ወደ ማሽን ለመግባት የሚያገለግለው ኤስኤስኤች የተባለው ፕሮግራም የማይጠበቅ ሲፒዩ ሲበላ አየ፤ መግባቱም ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየ። ግማሽ ሰከንድ! ማን ይቆጥረዋል? እሱ ቆጠረው። ተከታትሎ ሲፈትሽ ኤክስዜድ በሚባል፣ ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች በሚጠቀሙበት የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተቀበረ ስውር በር አገኘ። በሩን ያስቀመጠው ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ዓመታት ወስዶ የፕሮጀክቱን አመኔታ ያተረፈ ነበር። የተበከለው ቅጂ ገና በሰፊው ሳይሰራጭ ፍሮይንድ መጋቢት 20 ቀን ይፋ አደረገው። ሳይታወቅ ቢቀር ኖሮ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰርቨሮች ለማይታወቅ እጅ ክፍት ይሆኑ ነበር። ፍሮይንድም በጻፈው ማስታወቂያ ላይ የደኅንነት ተመራማሪ አለመሆኑን ራሱ ተናግሯል። የዳታቤዝ ሰው ነው። የነበረው ነገር የሥራውን የተለመደ ፍጥነት ማወቅና ሲለወጥ «ለምን?» ማለት ነው።

ላይን ላይ የሠራች ሴት ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ትረዳዋለች። ማሽኗ ድምፁን ሲለውጥ ሱፐርቫይዘሩ ሳይሰማ እሷ ትሰማዋለች። ያንን ጆሮ ወደ ቤት ይዛችሁት ግቡ። ላፕቶፑ ደኅና በሆነበት ቀን ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ምንም ሳትሠሩ ስንት ፐርሰንት እንደሚያሳይ ጻፉ። ደኅናውን ሳያውቅ በሽታውን የሚለይ ሐኪም የለም፤ እናንተም አትለዩም።

የቀሩትን በአጭሩ። «ሲፒዩ» ሳይሆን «ዲስክ» የሚለው ዓምድ 100% ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ማስቀየር አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ማሽኑ ሲበራ አብሮ የሚነሣውን የማትፈልጉትን ሁሉ «ዲሴብል» አድርጉት። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን አስቡበት፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ሳትዘገዩ ቀይሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለው ጥገና ቤት ውሰዱት፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። ወረቀቱን ያዙ፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የፐርሰንቱን መጠን፣ የስፒዱን ቁጥር፣ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚጀምረው የጻፋችሁበትን። ጠጋኙ ሳያየው «ፎርማት» ካላችሁ በትሕትና «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚበላው አሳየኝ» በሉት። ከፍቶ ካሳያችሁ ሙያውን ያውቃልና በደስታ ክፈሉት፤ ካላሳያችሁ ላፕቶፑን አንሥታችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ግን ፎቶውንና ዶክመንቱን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ የልጆችን ፎቶ መፈለግ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው።